የዛሬው አንባቢ

ጋዲሴ ለምትሠራበት ለገላና ቤተ መጻሕፍት የቴሌግራም ቻናል የከፈተችው ወንበሮቹ ባዶ መዋላቸው ስላሳሰባት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ አዳማ ውስጥ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ የሰፈሩ ማኅበር ያሠራው ቤት ነው። አራት ሺህ ያህል መጽሐፍ ነበረው፤ መኖሩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ተማሪው ከትምህርት ቤት ሲወጣ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ በበሩ ያልፋል እንጂ ቀና ብሎ ማስታወቂያውን አያነብም። ጋዲሴም እንዲያ ከሆነ እኛው ስልኩ ውስጥ እንግባለት ብላ አለቃዋን ጋሼ ዲበኩሉን አስፈቀደች።

ጋሼ ዲበኩሉ ዕድሜያቸውን በመምህርነት ፈጅተው ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን እንዲመሩ የተለመኑ ሰው ናቸው። እሳቸው የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሆነ ነገሩ ብዙም አልገባቸውም፤ አንባቢ ካመጣ ይሁን አሉ።

አመጣ። ጋዲሴ ቻናሉን በዘፈቀደ አልያዘችውም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስንት ወንበር ነጻ እንደሆነ ትጽፋለች። ማክሰኞ ማክሰኞ አዲስ ከገቡት መጻሕፍት የአንዱን የመጀመሪያ ገጽ ራሷ አንብባ በድምፅ ትለቃለች፤ አንድ ሳምንት በአማርኛ፣ አንድ ሳምንት በአፋን ኦሮሞ። ዓርብ የጥያቄና መልስ ውድድር አለ። ፈተና ሲቃረብ የድሮ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ታስቀምጣለች፤ ለጠየቃት ሁሉ በዚያው ቀን ትመልሳለች። በስድስት ወር ውስጥ ከሞጆም፣ ከቢሾፍቱም፣ ከዱከምም ተከታይ መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበር እየጠፋ ልጆቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ።

ከሁሉ የተወደደው «የዛሬው አንባቢ» ያለችው ነበር። በየቀኑ አንድ ተማሪ ትመርጥና ፎቶ ታነሳዋለች፤ ከሥሩ ስሙን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የሚያነበውን መጽሐፍና ወደፊት ምን መሆን እንደሚመኝ ትጽፋለች። ልጆቹ ለመመረጥ ይሽቀዳደሙ ነበር። ፎቷቸው የወጣ ቀን ለዘመድ ለጓደኛ ሁሉ ይልኩታል።

ጋሼ ዲበኩሉ አንድ ቀን በትከሻዋ በኩል አጎንብሰው የስልኳን ስክሪን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ልጆቹ ማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚማሩ፣ ልባቸው ምን እንደሚመኝ ለማያውቁት ሰው ሁሉ እየነገርሽ ነው» አሏት።

«ለማያውቃቸው ሰው ምን ይጠቅመዋል፣ ጋሼ?»

እሳቸውም ምን እንደሚጠቅመው አላወቁምና ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ።

በሚያዝያ አጋማሽ አንድ አባት ከሞጆ ደወሉ። በትሕትና ሰላምታ ሰጥተው፣ ለሥልጠናው የተመረጡት ሴት ልጆች የት እንደሚያድሩ ልጠይቅ ነው የደወልኩት አሉ። ጋዲሴ ስለ ምንም ሥልጠና እንደማታውቅ ነገረቻቸው። ሰውዬው ቁጥር ተሳስቼ ይሆናል ብለው ዘጉ። ጋዲሴ የዕለቱን ፎቶ ለመልቀቅ ስትጣደፍ ነበርና ነገሩን ወዲያው ረሳችው።

ያን ሰሞን ሌላም ነገር ነበር። ከትምህርት በኋላ እየመጣች መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ ዱሬቲ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አለች። እናቷ ቀመሪያ ገበያው ውስጥ ጫማ ይሸጣሉ። ልጅቷ ሐኪም መሆን ትመኛለች፤ ይህንንም ጋዲሴ ራሷ ከሁለት ወር በፊት ከፎቶዋ ሥር ጽፋዋለች። ዱሬቲ መጽሐፍ መልሳ ስትወጣ ጋዲሴን ቀና ብላ ታይና ፈገግ ትላለች፤ ምስጢር ያላቸው ሰዎች በሰው መሃል እንደሚተያዩት ዓይነት ፈገግታ። ከዚያ ቃል ሳትተነፍስ ትሄዳለች። ጋዲሴ ዓይን አፋር ናት ብላ አለፈችው። አንዴ ብቻ ጠርታ ላናግራት ብላ አሰበች፤ በዚያው ቅጽበት ስልኳ ጮኸና ተወችው።

በግንቦት መጀመሪያ ዱከም ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ኤቢሴ የምትባል የድሮ አንባቢ አንድ መልእክት ላከችላት። ኤቢሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አዳማ ድረስ እየመጣች መጽሐፍ የተዋሰች ልጅ ናት። የላከችው ከቤተ መጻሕፍቱ ቻናል የተወሰደ የሚመስል ጽሑፍ ነው፤ ይሄን ያልሽው አንቺ ነሽ ወይ የሚል ጥያቄ አክላበታለች። ጋዲሴ ጽሑፉ የመጣበትን ቻናል ከፈተችው። ስሙ የቤተ መጻሕፍቱ ስም ነው። ዓርማውም፣ ፎቶዎቹም፣ ጽሑፎቹም የራሷ ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ የምታነበው ድምፅዋ ሳይቀር አለ። የሚለየው አድራሻው መጨረሻ ላይ የተጨመረች አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ተከታዮቹ ደግሞ ከእሷ ይበልጣሉ። ከላይ የራሷ ፎቶ ተለጥፏል፤ ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ሴት አንባቢዎቼ፣ የልባችሁን በውስጥ መስመር ንገሩኝ። እንደ እህታችሁ አንቺ በሉኝ። ጋዲሴ።»

ወደ ላይ እየገፋች የመጀመሪያውን ጽሑፍ ፈለገች። ይህ ነገር የተከፈተው ከአምስት ወር በፊት ነው። በእነዚያ አምስት ወሮች በስሟ ማን ከማን ጋር ምን ሲያወራ እንደቆየ አታውቅም።

በዚያው ከሰዓት ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። መርማሪው በጥሞና አዳምጦ ቃሏን መዘገበ፤ ጉዳት የደረሰበት ሰው እስካሁን ስለሌለ ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፋለሁ አላት። ለቴሌግራም ድርጅትም አመለከተች፤ መልስ አልመጣም። ስትመለስ ስለ ሥልጠናው የጠየቁት የሞጆው አባት ትዝ አሏትና በቻናሏ ላይ ማስጠንቀቂያ ጻፈች። በስማችን የተከፈተ ሐሰተኛ ቻናል አለ፤ ቤተ መጻሕፍቱ በውስጥ መስመር ማንንም አያናግርም፤ ሥልጠናም ሽልማትም የለም፤ አድራሻውን ፊደል በፊደል አመሳክሩ አለች።

አንድ ሰዓት አልሞላም። ያው ማስጠንቀቂያ፣ ያው ቃል፣ ያው ነጠላ ሰረዝ በዚያኛው ቻናል ላይ ወጣ። የተለወጠው አድራሻው ብቻ ነው። ሐሰተኛ የተባለው የእሷ ሆነ።

በማግስቱ በጽሑፎቿ ሥር ስድብ ይጎርፍ ጀመር። አስመሳይ፣ ሌባ፣ በሰው ስም የምትነግጂ አሏት። ከተሳዳቢዎቹ መካከል ፊታቸውን የምታውቃቸው፣ ወንበር ያቀረበችላቸው ልጆች ነበሩ። ጋሼ ዲበኩሉ ስትነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ይህን ፈርቼ ነበር ብለው እንኳን አልወቀሷትም። ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ እንለጥፍ ብቻ አሉ፤ ለጠፉም። ዱሬቲ ያን ቀን ማስታወቂያው ፊት ቆማ አነበበችው። ጋዲሴ አየቻት። ልጅቷ አንብባ ስትጨርስ ዞር ብላ ያችኑ የምስጢር ፈገግታዋን ፈገግ አለችላትና ወጣች።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የዱሬቲ ጓደኛ ሊዲ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች እየሮጠች ገባች። ጋዲሴን ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጣ ስታያት በድንጋጤ ቆመች።

«እዚህ ነሽ እንዴ? ዱሬቲ ከአንቺ ጋር ናት አላልሽም?»

ጋዲሴ አልገባትም። ልጅቷን አስቀምጣ ቀስ በቀስ ጠየቀቻት። ዱሬቲ ከሁለት ወር በላይ በየቀኑ ከጋዲሴ ጋር ስትጻጻፍ ነበር፤ ጋዲሴ መሆኗንም አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። የእናቷን ሕመም፣ ቤት ውስጥ ያለውን ጭቅጭቅ፣ ማንም የማያውቀውን ሁሉ ነግራታለች። ያቺ ጋዲሴ ደግሞ የምታጽናና፣ የምትመክር፣ ሌሊት የጻፉላትን ጠዋት ሳታነብ የማትውል ነበረች። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ አስጠንቅቃታለች፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዳታናግሪኝ፣ ሌሎቹ ይቀናሉ፣ ፈገግ ካልሽልኝ ይበቃኛል ብላታለች። አስመሳይ አለ የሚል ማስታወቂያ ብታዪ አለቃዬ ስላስገደዱኝ ነው ብላም አስቀድማ ነግራት ነበር። ዛሬ ጠዋት ዱሬቲ ለሥልጠና ከተመረጡት ሦስት ልጆች አንዷ ሆና ሽልማት ልትቀበል ዱከም ሄዳለች። ዋናው መንገድ ላይ ነዳጅ ማደያው አጠገብ ካለው ካፌ በር ላይ ጠብቂ፣ መኪና ይወስድሻል፣ እኔም እዚያ ነኝ ተብላለች። ሊዲ ለማንም እንዳትናገር ምላ ነበር፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግን ልቧ አልረጋ አላት።

ጋዲሴ የዱሬቲን ስልክ ደወለች። ይጠራል፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች። የማታውቂውን ቁጥር እንዳታነሺ ተብላለች አለች ሊዲ እያለቀሰች። ሊዲ በራሷም ስልክ ሞከረች፤ አልተነሳም። ጋሼ ዲበኩሉ በዚያች ባለ ቁልፍ ስልካቸው ፖሊስ ጣቢያ ደውለው ለመርማሪው ነገሩት፤ ዱከም ላሉት ባልደረቦቹ አሁኑኑ እደውላለሁ አለ። ከአዳማ ዱከም ግን በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ መኪናው እስከዚያ አይጠብቅም።

ጋዲሴ ብትጽፍ ጽሑፏን ይገለብጡታል። ፎቶ ብታወጣ ፎቶውን ይወስዱታል። ያልሰረቋት አንድ ነገር ቢኖር አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ እዚህ ወንበር ላይ መቀመጧ ነው። ስልኳን መጻሕፍት ላይ አስደግፋ አቆመችና የቤተ መጻሕፍቱን የቲክቶክ ገጽ ከፈተች።

«ላይቭ ልገባ ነው» አለች።

«በስምሽ የሚጽፈውም እኮ ያያል» አሉ ጋሼ ዲበኩሉ።

«ይይ።»

እሳቸውን ከጎኗ አስቀመጠች። ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ስሟን፣ የት እንዳለች፣ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ተናገረች። የልጅቷን ስም አልጠራችም። ዛሬ ጠዋት ጋዲሴ ጠርታሽ የወጣሽ ልጅ፣ የጠራሁሽ እኔ አይደለሁም፤ መኪና ውስጥ እንዳትገቢ አለች። ዱከም ዋናው መንገድ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ነዳጅ ማደያው አጠገብ ያለው ካፌ በር ላይ ብቻዋን የቆመች ተማሪ ካያችሁ ቅረቧት፣ ይሄን ሥርጭት አሳዩልኝ አለች። ደግማ ደጋግማ ተናገረች። በመጀመሪያ አሥራ አንድ ሰው ነበር የሚያየው። ከዚያ መቶ ሆነ። ከዚያ ቁጥሩን ማየት ተወች።

ኤቢሴ ምሳ ሰዓት ደርሶ ከፋብሪካው በር ስትወጣ ነው ያየችው። መንገዱን ተሻግራ ሮጠች። ካፌው ጋ ስትደርስ አንድ ነጭ መኪና ጥጉን ይዞ ቆሟል፤ የኋላ በሩ ተከፍቷል፤ ዱሬቲ ቦርሳዋን አስቀድማ ወንበሩ ላይ አድርጋለች። ኤቢሴ ክንዷን ያዘችና ስልኳን ፊቷ ላይ ደቀነችባት። የሆነውን ኋላ ለፖሊስ የተናገረችው እሷ ናት። ልጅቷ ስልኩ ላይ ጋዲሴን ስትናገር አየቻት። በዚያው ቅጽበት በራሷ ስልክ ላይ መልእክት ገባ። ከጋዲሴ ነው። «የሚያሳዩሽ ቪዲዮ የቆየ ነው፣ አስመሳይዋ ናት። ቶሎ ግቢ፣ እየጠበቅኩሽ ነው» ይላል። ሌላም ተከተለ፤ ሌላም። ዱሬቲ አንዴ ይሄኛውን፣ አንዴ ያኛውን ታያለች። ስልኩ ላይ ያለችው ጋዲሴ ሰዓቱ ስድስት ከስምንት ነው አለች። ዱሬቲ ሰዓቷን አየች። ስድስት ከስምንት ነበር።

«እጇ ባዶ ነው» አለች ዱሬቲ በቀስታ። «እየጻፈች አይደለም።»

ይህን ስትል እጇ ውስጥ ያለው ስልክ ገና መልእክት እየተቀበለ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሹፌሩ በሩን ሳይዘጋ መኪናውን አስነስቶ በረረ። የዱሬቲ ቦርሳ አብሮ ሄደ። ኤቢሴ ታርጋውን እንደ ምንም ፎቶ አነሳችው።

ጋዲሴ ልጅቷ መትረፏን እንደሰማች ስልኳን አጥፍታ የዱሬቲን እናት ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። ቀመሪያ ሱቃቸውን እንኳን አልዘጉም። ሞጆን አልፈው ቢሾፍቱ እስኪደርሱ ድረስ መስኮቱን እያዩ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄን» ይሉ ነበር። ጋዲሴ ይቅር ይበሉኝ ማለት ፈልጋ የሁለቱንም የጉዞ ሒሳብ ከፈለች። ዱከም ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ እናትየው ልጃቸውን አቅፈው ትከሻዋ ላይ ተደፉ። ዱሬቲ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ጋዲሴን አየቻት። ያን ቀን ፈገግ አላለችም። ጋዲሴ ስትጠጋት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ሦስት ልጆች ናቸው የተመረጡት ተብሏል። ፖሊሶቹ የዱሬቲን ስልክ ሲያዩ የሌሎቹ ሁለቱ ስም እዚያ ውስጥ ተገኘ። አንዷ የሞጆ ልጅ ናት፤ በሚያዝያ ስለ ማደሪያው ሊጠይቁ የደወሉት አባቷ ልጄ አትሄድም ብለው አስቀርተዋታል። ሦስተኛዋ ጉዲቱ የምትባል የቢሾፍቱ ተማሪ ናት። ጋዲሴ አስታወሰቻት። ትምህርት ቤቷ ለጉብኝት አዳማ ባመጣቸው ቀን አንዴ ብቻ መጥታ ነበር፤ ያን ዕለትም «የዛሬው አንባቢ» አድርጋ ፎቶ አንስታታለች። ስልኳ ዝግ ነው።

በዚያው ከሰዓት ከአንድ ፖሊስ ጋር ቢሾፍቱ ወረደች። ጉዲቱ የምትኖረው የአበባ እርሻ ዘበኛ ከሆነው አጎቷ ከምልኬሳ ጋር ነው። ምልኬሳ በሩን ከፍቶ ጋዲሴን ሲያይ ፊቱ በራ። በፎቶ አውቅሻለሁ አለ፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጣት፤ ስለ ልጅቷ አመሰገናት። ጉዲቱ ለሥልጠና ከሄደች ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው። እንዴት እንደሆነች ታውቃለህ ወይ ብሎ ፖሊሱ ጠየቀው።

«በየቀኑ ትጽፍልኝ የለ» አለ ምልኬሳ ወደ ጋዲሴ እያመለከተ። ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። የመጨረሻው መልእክት የመጣው በዚያው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጋዲሴ ስልኳን አጥፍታ ሚኒባስ ውስጥ ሳለች ነው። «ጉዲቱ ደህና ናት። ብትደውልላት ስልጠናው ይረበሻል። ታገሠን» ይላል። መጨረሻው ላይ ስሟ አለ።

ምልኬሳ የሁለቱን ፊት አይቶ ፈገግታው እየጠፋ ሄደ። ጋዲሴ ስልኩን መለሰችለት። እውነቱን የነገረው ፖሊሱ ነው።

ሹፌሩ በታርጋው ተፈልጎ ከሦስት ቀን በኋላ ተያዘ። በስልክ የታዘዘ፣ ያዘዘውንም አንድም ቀን በዓይኑ ያላየ ሰው ነበር፤ ጉዲቱን ያደረሰበትን ግን ተናገረ። ባቱ ከተማ ውስጥ ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ የኪራይ ቤት ነው። ፖሊስ ሲገባ ከልጅቷ በቀር ማንም አልነበረም። ከውጭ ተቆልፎባት ነበር። በሕይወት አለች፤ ሆስፒታል ገባች፤ ከሳምንት በኋላም አጎቷ ቤት ተመለሰች። የደረሰባትን ለሐኪሟ ብቻ ነው የተናገረችው። ቤቱን የተከራየው ሰው የሰጠው ስምም መታወቂያም የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሲጽፍ የነበረውም አልተያዘም።

ጋዲሴ የልጆቹን ፎቶ በሙሉ ከቻናሏ ላይ አጠፋች። መቶ አርባ ሁለት ነበሩ። የጠፉት ግን ከእሷ ዘንድ ብቻ ነው። በየቤቱ እየዞረች ለወላጆቹ ነገረች፤ አንዳንዱ ሰደባት፣ አንዳንዱ አጽናናት። ጋሼ ዲበኩሉ እንድትለቅ አልፈቀዱም፤ ቻናሉም አልተዘጋም። አሁን የሚወጣበት የመጽሐፍ ሽፋን፣ የነጻ ወንበር ብዛትና የፈተና ጥያቄ ነው፤ የሰው ፊት የለበትም። ማክሰኞ ማክሰኞ በቀጥታ ሥርጭት ታነባለች፤ ከመጀመሯ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን ትናገራለች። ያኛው ቻናል በሰኔ ስሙን ለወጠ። አሁን የሌላ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ስም ይዟል፤ ከላይም የሌላ ሴት ፎቶ አለው። ጋዲሴ ሴትየዋን አፈላልጋ ደውላ ነገረቻት። የሐሰተኛው ቻናል ተከታዮች በዚያ ሳምንት አሥራ ሁለት ሺህ አልፈው ነበር።

ቢሾፍቱ ጉዲቱን ልትጠይቅ ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለቱንም ጊዜ ሳታያት ተመለሰች። በሦስተኛው ምልኬሳ ግቢው ውስጥ ወንበር አወጣላት። የልጅቷ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ጋዲሴ ከደጅ ሆና ስሟን ተናገረች። በስሜ የጻፈልሽ እኔ አልነበርኩም፣ ሌላ ሰው ነው አለች፤ ይህንን ሐኪሟም ፖሊሱም አጎቷም እንደነገሯት ታውቃለች።  ከዚያ ከውስጥ በጣም የረጋ ድምፅ ተሰማ።

«ስለ አባቴ የነገርኩሽን ለማን ነገርሽው?»

ምልኬሳ አንገቱን ደፋ። ጋዲሴ ስለ ልጅቷ አባት ምንም አታውቅም። ያልሰማችውን ነገር መካድም ማመንም አቃታት።

«ለማንም» አለች በመጨረሻ።

«እሺ» አለች ጉዲቱ፤ በሩም ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ምልኬሳ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኛትና ባጃጅ አስቆመላት። ሌላ ጊዜ ባትመጪ ይሻላል መሰለኝ አላት፤ እሷም ራሷን ነቅንቃ ገባች።